የካውቦይ ቦት ጫማና የአባቴ እግር

ባለፈው መስከረም መጨረሻ ላይ ልጄ ከትምህርት ቤት መጣችና ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ «አባዬ፣ የካውቦይ ቦት ጫማ ግዛልኝ» አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፈረስ መጋለብ ትማራለች።

«ያለሽ ጫማ ምን ሆነ?» አልኳት።

«ለግልቢያ ታኮ ያለው ጫማ አድርጉ ተብለናል።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፦ «ደግሞ አንተም አለህ!» በጣቷ ወደ ቁምሳጥኑ ጠቆመች።

እውነቷን ነው፤ አለኝ። ኦስሎ ውስጥ፣ ስቶቭነር የሚኖር ኢትዮጵያዊ የሶፍትዌር መሐንዲስ የካውቦይ ቦት ጫማ ምን ያደርግለታል ትሉ ይሆናል። ልጄም ይህንኑ ነበር የጠየቀችኝ። ለእሷ ሙሉውን ለመንገር ብዙ ሳምንት ፈጀብኝ። ለእናንተ ግን ዛሬውኑ ልንገራችሁ።

ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት ቴክሳስ ውስጥ፣ ኦስቲን ከተማ ነው። እዚያ የካውቦይ ቦት ጫማ የፊልም ልብስ አይደለም። ሰው ለሥራም ለሠርግም ያደርገዋል። ጫማ የሚሠሩት ቤቶች የቆዩ ናቸው። ጀስቲን የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1879፣ ሉኬዚ የሚባለው ደግሞ በ1883 ሥራ ጀመሩ። አዲስ አበባ ገና ሳትቆረቆር ማለት ነው። እኔም የመጀመሪያ ደመወዜን እንዳገኘሁ አንድ ጥንድ ገዛሁ። ያለምንም ምክር፣ በራሴ እውቀት።

የእኔ እውቀት ደግሞ ከእናቴ የተማርኩት ነበር። ልጅ ሳለሁ እናቴ ጫማ ስትገዛልኝ ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር ታስበልጣለች። «ለከርሞም ይሆነዋል» ትላለች። ጫፉ ላይ ጨርቅ እንጎሰጉስበታለን። በዓመቱ ጨርቁ ይወጣል፤ ጫማው ግን እስከዚያ አርጅቷል። ስለዚህ ቴክሳስም ሄጄ በአሜሪካ ቁጥር 10 ተኩል ገዛሁ። የሚያስፈልገኝ 9 ነበር። በሁለተኛው ቀን ተረከዜ ተላጠ። በሦስተኛው ቀን እግሬ ጫማው ውስጥ ወደ ፊት እየተንሸራተተ የጣቶቼ ጥፍር ጠቆረ።

ወደ ሱቁ ስመለስ ሻጩ አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ነበር። አልሳቀብኝም። «ተቀመጥ» አለኝና እግሬን በብረት መለኪያ ለካው። ሁለቱንም እግሬን። የሰው ሁለት እግር እኩል አይደለም፤ ጫማ የሚመረጠው ለትልቁ እግር ነው አለኝ። ያን ቀን የነገረኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የካውቦይ ቦት ጫማ ማሰሪያ የለውም። ስለዚህ እግርን የሚይዘው በጣቶችና በቁርጭምጭሚት መካከል ያለው ከፍ ያለው የእግር ጀርባ ነው። ጫማው እዚያ ቦታ ላይ ጥብቅ ማለት አለበት፤ እንደ ጥሩ የእጅ ሰላምታ። የሚያምም ከሆነ ጠቧል። እጅግ በቀላሉ ከገባ ደግሞ ሰፍቷል። ልክ የሆነው ጫማ እግር ሲገባ ትንሽ ይታገላል፣ ከዚያ «ጧ» የሚል ድምፅ ያሰማል።

ተረከዝ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። አዲስ ጫማ ሲሆን ስንራመድ ተረከዛችን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብድግ ማለት አለበት። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ሰፋኝ» ብሎ ትንሽ ቁጥር ይገዛል። ተሳስቷል። ብድግ የሚለው አዲሱ ሶል ደረቅ ስለሆነና ስለማይታጠፍ ነው። ሶሉ ሲለሰልስ ተረከዙ ቦታውን ይይዛል።

ስለ ሹሉ አፍንጫ ደግሞ አትፍሩ። ጣቶች እስከ ሹሉ ጫፍ አይደርሱም። የሚቀመጡት ከዚያ በፊት ባለው ሰፊ ቦታ ነው። ጣቶቻችሁን ማንቀሳቀስ መቻል አለባችሁ። እግራችሁ ከጣቶች ሥር የሚሰፋበት ቦታም ጫማው ከሚሰፋበት ቦታ ጋር መገጣጠም አለበት። እግራችሁ ሰፊ ከሆነ መፍትሔው ረጅም ቁጥር መግዛት አይደለም፤ ሰፊ ጫማ መግዛት ነው። በአሜሪካ የወንዶች መደበኛ ስፋት «ዲ»፣ ሰፊው «ዳብል ኢ» ይባላል። የእኔ ስህተት ይህ ነበር፤ ስፋት ፈልጌ ርዝመት ገዛሁ።

አንድ ነገር እኔ ልጨምር፤ የሙያዬ ነገር ስለሆነ ማለፍ አልችልም። የአውሮፓ ቁጥርና የአሜሪካ ቁጥር የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው። በአውሮፓ አንድ ቁጥር የአንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። በአሜሪካ የአንድ ኢንች አንድ ሦስተኛ ነው። አንዱ 6.7 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 8.5 ሚሊ ሜትር ያህል። ስለዚህ በኢንተርኔት የምታገኙት የመቀየሪያ ሠንጠረዥ ሁሉ ግምት ነው። እግራችሁን በሴንቲ ሜትር ለኩና በዚያ ተነሡ። የምትለኩት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆም ትንሽ ያብጣል።

እግር ያብጣል የሚለውን ቃል ስጽፍ እጄ ቆም አለ። ምክንያቱም አሁን የምነግራችሁ ስለ አባቴ ነው።

አባቴ የሚኖሩት እንጅባራ አካባቢ፣ አዊ ውስጥ ነው። በወጣትነታቸው ፈረሰኛ ነበሩ። ስለ ሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ሰምታችሁ ይሆናል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ማኅበር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ ተሸልመው፣ ፈረሶቻቸውንም ሸልመው ይወጣሉ። በዓሉ ዐድዋ ላይ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ያስታውሳል። አባቴ ስለዚያ ሜዳ ሲያወሩ እጃቸው ልጓም የያዘ ይመስላል።

ትምህርቴን ስጨርስ ወደ ቤት የምሄደው በጥር ነበር። ለፈረሰኛ አባት ከቴክሳስ ምን ይወሰዳል? ቡናማ የካውቦይ ቦት ጫማ ገዛሁ። ሽማግሌው የነገረኝን ሁሉ አውቃለሁ፤ እግር መለካት አለበት፣ ስፋት መታወቅ አለበት። ግን ስጦታው ድንገተኛ እንዲሆን ፈለግሁ። «አባቴ 42 ነው የሚያደርጉት፣ እንደ እኔ» ብዬ 42 የሚሆነውን ገዛሁ። ያ ቁጥር እኔ ተማሪ ሳለሁ የማውቀው ነበር።

ጥር 22 ማታ ሰጠኋቸው። ቆዳውን አሸተቱ፣ በእጃቸው ዳበሱት፣ መረቁኝ። «ይሞክሩት እንጂ» አልኳቸው። «ለነገ ይሁን» አሉ።

በማግስቱ አባቴ ጋቢ ለብሰው፣ አሮጌ ሸራ ጫማ ተረከዙን ረግጠው አድርገው መጡ። ፈረስ ላይም አልወጡም። ከሕዝቡ ጋር ቆመው አዩ። «ምነው አባዬ?» ስላቸው «ፈረሱ አሞታል» አሉ። እውነቱን ለመናገር ተከፋሁ። ስጦታዬን የናቁት መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ተመለስኩ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ኖርዌይ ሥራ አገኘሁ፣ አገባሁ፣ ልጄ ተወለደች። ልጄን ለማሳየት እንጅባራ ስንሄድ ጫማውን ቁምሳጥን ላይ አየሁት። በፕላስቲክ ተጠቅልሏል። ሶሉ ላይ አንዲት ጭረት የለችም። እናቴን ብቻዋን ሳገኛት ጠየቅኋት።

«አንተ ከተኛህ በኋላ ያን ሌሊት ሞክረውት ነበር» አለችኝ። «በሳሙናም አሻሽተን ሞከርነው። አልገባም። እንዳትሰማ ብለው ነው ዝም ያሉት።»

«ለምን አልገባም?»

እናቴ አየችኝ። «የአባትህን እግር ካየህ ስንት ዓመትህ ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም።

የአባቴ በሽታ በብዙ ቦታ ዝሆኔ ይባላል። የሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ እግርና አቧራ ማለት ነው። በዓመታት ውስጥ እግርን ከታች ወደ ላይ እያሳበጠ የሚሄድ በሽታ ነው። ሰዎች እርግማን ነው ሲሉ ኖረዋል። ይተላለፋል ብለው የሸሹም አሉ። በዚህ የተነሣ ትዳር የፈረሰባቸው ሰዎች አሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ግን በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባደረገው ጥናት ምክንያቱ አፈር መሆኑን አሳየ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚገኘው ቀይ አፈር በጣም ደቃቅ ቅንጣቶች አሉት። ሰው ለብዙ ዓመታት በባዶ እግሩ ሲሄድበት ቅንጣቶቹ በቆዳ በኩል ይገባሉ። ውስጥ ያሉትን ቀጭን የፈሳሽ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፣ ይዘጋሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ግን በአንዳንድ ቤተሰብ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት መኖሩን አሳትመዋል። እንጅባራ ደግሞ ደጋ ነው፣ አፈሩ ቀይ ነው። በአቅራቢያው ያለው የዘንገና ሐይቅ ራሱ የእሳተ ገሞራ አፍ ነበር። አባቴ እስከ ሠላሳ ዓመታቸው ድረስ በባዶ እግራቸው አርሰዋል።

መከላከያው ምን እንደሆነ ስሰማ ለብዙ ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ጫማ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ። ያ ጨርቅ የምንጎሰጉስበት ሰፊ ጫማ፣ እናቴ ጤፍ ሸጣ የምትገዛልኝ ጫማ፣ እኔን ሲያድነኝ ኖሯል። ስስቅበት የኖርኩት ነገር ማለት ነው።

ሕክምናውም ቀላል ነው፤ ግን በየቀኑ ነው። ማታ ማታ እግርን በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ማሰር፣ ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ። ከዚያም ካልሲና ልክ የሆነ ጫማ። እናቴ ይህን ከጤና ባለሙያ ተምራ ታደርግላቸዋለች። እብጠቱ ቀንሷል። ጫማው ግን ከሱቅ አይገኝም። ስለዚህ እንደ ቴክሳሱ ሽማግሌ አደረግሁ። ማታ፣ እግራቸው ባበጠበት ሰዓት፣ ወረቀት ላይ አቁሜ በእርሳስ ዙሪያውን አሰመርኩ። በክር ደግሞ በሦስት ቦታ ዙሪያውን ለካሁ፤ ጣቶቹ ሥር፣ የእግር ጀርባ ላይ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ። አባቴ መጀመሪያ እግራቸውን በጋቢ ሸፈኑ። «ገንዘብህን አታባክን» አሉ። ከዚያ ዝም ብለው ዘረጉልኝ።

ባሕር ዳር ያለ ጫማ ሰፊ ሠራው። ለስላሳ ቆዳ፣ እስከ ጣቶች ድረስ የሚከፈት፣ ውስጡ ስፌት የሌለው፣ አፍንጫው ሰፊ። ግራና ቀኙ እኩል አይደሉም። አያምርም። አባቴ እስከ ዛሬ ድረስ እሱን ነው የሚያደርጉት፤ ሲያልቅ በዚያው ወረቀት ሌላ ይሠራል።

የካውቦይ ቦት ጫማውን ግን መለሱልኝ። «አንተ አድርገው፤ ቆዳ ቁጭ ሲል ይደርቃል» አሉኝ። እንግዲህ ስቶቭነር ቁምሳጥን ውስጥ ያለው ጫማ ይህ ነው። የራሴ ጥንድ በኦስሎ በረዶና መንገድ ላይ በሚበተነው ጨው አልቋል። እዚህ አገር ልሙጥ የቆዳ ሶል ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። አንድ የካቲት ጠዋት ወደ ስቶቭነር የምድር ባቡር ጣቢያ ስወርድ፣ ሁለት እግሬ ወደ ሰማይ ሄደ። ሦስት እናቶች የሕፃን ጋሪ እየገፉ አልፈውኝ ሄዱ፤ የአንዷ ልጅ አጨበጨበልኝ። ከዚያ በኋላ ጫማ አዳሹ ዘንድ ወስጄ ስስ የላስቲክ ሶል አስለጠፍኩበት። ጥሩ የካውቦይ ጫማ ሶሉ የሚሰፋው ሊቀየር እንዲችል ተደርጎ ነው። የተጣበቀ ብቻ ከሆነ አትግዙ።

ወደ ልጄ ልመለስ። መጀመሪያ ስቶቭነር ሴንተር ሄድን። ያገኘነው ዚፕ ያለው፣ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ለፋሽን የሚሆን ነበር። ለፈረስ አይሆንም። የካውቦይ ጫማ ታኮ የተሠራው እግር በእርካብ ውስጥ አልፎ እንዳይሄድ ነው። ማሰሪያ የሌለው ደግሞ ጋላቢው ከወደቀ እግሩ ከጫማው እንዲወጣና ፈረሱ እንዳይጎትተው ነው። ሶሉም ልሙጥ የሆነው በቀላሉ ከእርካቡ እንዲንሸራተት ነው። ስለዚህ ለጋላቢ ልጅ «ለከርሞ ይሆናታል» አይሠራም። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከጣት ፊት መተው ይበቃል። እርካቡም ከጫማው በሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል የሰፋ መሆን አለበት።

በፊን ድረ ገጽ ላይ ሊለስትሮም የሚኖር ቤተሰብ ሁለት ያገለገሉ ጥንዶች ሲሸጥ አገኘን። እሑድ ከሰዓት በባቡር ሄድን። አንደኛው ጥንድ ሮዝ አበባ የተጠለፈበት ነበር። ልጄ አየችው፣ አለቀላት። አደረገችውና «ልክ ነው!» አለች። ፊቷን አየሁት። አንድ ፊት ትዝ አለኝ፤ ጥር 22 ማታ ቆዳ ሲዳብሱ ያየሁት።

«ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ» አልኳት።

«እያንቀሳቀስኩ ነው።»

ጫማው ላይ እጄን አደረግሁ። ምንም አይንቀሳቀስም። ጣቶቿን አጥፋ ይዛለች። አልተቆጣሁም። «እሺ፣ አሥር ደቂቃ በክፍሉ ውስጥ ሂጂበት» አልኳት። ሰዎቹ ቡና አቀረቡልን። በአራተኛው ደቂቃ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ትንሽ ያመኛል» አለች። እንደዚያ ስላለችኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ እሷ ግን ለምን እንደሳምኳት አልገባትም።

ሁለተኛው ጥንድ ቡናማ ነው። አንዱ ጎኑ ተጭሯል። እግሯ ሲገባ «ጧ» አለ። ተረከዟ ትንሽ ብድግ ይላል። ጣቶቿ ይንቀሳቀሳሉ። 400 ክሮነር ከፈልን።

ወደ ሃውገንስቱዋ በሚመልሰን ባቡር ውስጥ ስለ አበበ ቢቂላ ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አዲሱ ጫማ እግሩን ስላልተመቸው መሆኑን አታውቅም ነበር። በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማና ካልሲ አድርጎ አሸነፈ። በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ ደግሞ እዚህ ኖርዌይ መጥቶ ነበር፤ በ1971። ተቀምጠው በሚነዱት የበረዶ ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። «እዚህ? በረዶ ላይ?» አለች። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

ማታ እንጅባራ ደወልን። ልጄ ለአያቷ ጫማዋን በስልኩ ካሜራ አሳየች። አባቴ ሳቁ። «እኛስ ጫማ አያስፈልገንም ነበር» አሉ። የእኛ አገር የድሮ እርካብ ትንሽ የብረት ቀለበት እንደነበር ነገሯት። ፈረሰኛው በባዶ እግሩ አውራ ጣቱን ብቻ ያስገባበታል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ብዙ ጊዜ እርካቡን የያዘው በጣቱ ነው። ልጄ ወዲያው ካልሲዋን አውልቃ በአውራ ጣቷ የወንበሩን እግር ለመያዝ ሞከረች።

ከዚያ ድንገት «አያቴ፣ አንተስ ጫማህን አሳየኝ» አለች። እርስዎ ማለት ገና አልለመደችም። እኔ ንግግሩን ላስቀይር ስልኩን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን አልሰጠችኝም።

አባቴ ትንሽ ዝም አሉ። ስልኩ ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ የጭቃ ቤቱ ግድግዳ፣ ከዚያ ወለሉ፣ ከዚያ ያ የማያምረው ጫማ ታየ። ቀጥለው ጎንበስ ብለው ማሰሪያውን ፈቱ፤ ጫማውን፣ ካልሲውን አወለቁ። እግራቸውን ለልጄ አሳይዋት። እኔ ካየሁት ራሱ ጥቂት ጊዜ ነው።

«ያምሃል?» አለቻቸው።

«አሁን ደህና ነው፣ የኔ ልጅ።»

ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ጣቶችህ ይንቀሳቀሳሉ?»

አባቴ ጣቶቻቸውን አንቀሳቀሱላት። አውራ ጣታቸው ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ ያለ ነው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። «የአንቺስ?» አሉ። ልጄ እግሯን አንሥታ ካሜራው ፊት ደቀነችላቸው።